ከካሜራው በፊት እግሩ ይገዛ

የማኅበራችን የፎቶግራፍ ክፍል ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ የሚያቀርበው የግዥ ሐሳብ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። አብዛኛው ወገን በተጠራቀመው መዋጮ አዲስ ካሜራ ይገዛ ይላል። እኛ ይህን ሐሳብ እንቃወማለን። መጀመሪያ መገዛት ያለበት ሌንሱን የሚሸከም ጠንካራ ትራይፖድና ጂምባል የሚባለው የትራይፖድ ራስ ነው።

ባለፈው መጋቢት ከአፍሪካ ወደ ሰሜን የሚመለሱትን ሽመላዎችና ንስሮች ለማንሣት ወደ ኢላት ወርደን ነበር። ከእነዚህ ወፎች ከፊሎቹ የአውሮፓን ብርድ በአገራችን የሚያሳልፉ ስለሆኑ ለዓመታዊው ዐውደ ርእያችን አስበናቸው ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ አንሥተን በትልቅ ወረቀት ሊታተም የሚችል ሆኖ የተገኘው ሦስት ብቻ ነው። በካሜራው ጀርባ ባለችው ትንሽ መስኮት ግን ሁሉም ደኅና ይመስሉ ነበር!

ሌንሳችን በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ካኖን 600 ሚሊ ሜትር ነው፤ ብቻውን 5.36 ኪሎ ይመዝናል። የሚያየው 4 ዲግሪ ያህል ብቻ በመሆኑ ወፏን የሚያጎላውን ያህል መንቀጥቀጡንም ያጎላል። እኛ ደግሞ ይህን የመሰለ ዕቃ በቀጭን ትራይፖድ ላይ ጭነን፣ የመሐሉን ዘንግ እስከ ጫፉ ስበን፣ ነፋስ ላይ አቆምነው። ጎሕ ሲቀድ ብርሃን ስለሚያንስ ፍጥነቱን ወደ 1/15ኛ ሰከንድ አወረድን። በዚህ ፍጥነት በካሜራው ውስጥ ያለው መስታወት ሲነሣ የሚፈጥረው ምት እንኳ ሥዕሉን ያደበዝዛል።

በጂምባል ላይ ሌንሱ በራሱ ቀለበት እግር ይታሰራል፤ የክብደቱ መሐል ከመዞሪያው ጋር እንዲገጥም ወደፊትና ወደኋላ ይስተካከላል። ከዚያ በኋላ ሲለቁት ባለበት ይቆማል፣ በአንድ ጣትም ይዞራል። ግራ እጅን ሌንሱ ላይ አሳርፎ፣ ዓይንን ከካሜራው አስጠግቶ፣ ቀስ ብሎ መጫን ነው።

አዲሱ ካሜራ በደብዛዛ ብርሃን የተሻለ ያነሣል የሚሉት ወንድሞች አልተሳሳቱም። ሌንሱም መንቀጥቀጥ መከላከያ አለው፤ ይህንንም አንክድም። ነገር ግን መከላከያው አምስት ኪሎ ተሸክሞ ንስር እስኪመጣ አርባ ደቂቃ አይጠብቅም። ዛሬ በዚህ ሌንስ የሚሠሩት ክንደ ብርቱ የሆኑ ሁለት አባላት ብቻ ናቸው። መዋጮ የከፈሉት ሌሎቹ ወንድሞችና እህቶች ሻንጣውን ከመሸከም አልፈው ሌንሱን ነክተውት አያውቁም። የጋራ ንብረት የምንለው ይህን ነው?

ገንዘቡ እስኪፈቀድ ድረስ ባቄላ ወይም ምስር የሞላበት ከረጢት በድንጋይ ወይም በመኪና መስኮት ላይ አድርጎ ሌንሱን ማሳረፍ ይቻላል። ከትራይፖዳችን በብዙ ይሻላል፤ ሲርብም ይቀቀላል። ረፋድ ላይ የበረሃው አየር መንቀጥቀጥ ሲጀምር ግን ለሩቅ ወፍ ከረጢቱም ጂምባሉም አይረዱም፤ ያን ጊዜ ቁርስ መብላት ነው።

በጉባኤው ዕለት ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት የኢላቱን ፎቶዎች በትልቁ አሳትመን በአዳራሹ ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን፤ የተበላሹትንም ጭምር።