ጉና ተከለለ፤ ገበሬውስ?

ርብና ጉማራ ጣና የሚገቡት ከጉና ወርደው ነው። ከ4100 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ይህ ተራራ ፋርጣን፣ እስቴን፣ ላይ ጋይንትንና ጉና በጌምድርን ያዋስናል። የምዕራቡ ውሃ ወደ ጣና ሲወርድ የምሥራቁ ወደ ተከዜ ይጓዛል። ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ የሚተከልበት አፈር ከዚህ ታጥቦ የወረደ ነው፤ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ እንዲይዝ የተሠራው የርብ ግድብም የሚሞላው ከዚሁ ነው። ስለዚህ የጉና አናት የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ይሁን መባሉ ትክክለኛ ውሳኔ ነው ብለን እናምናለን። የጥበቃው ዕዳ የተጫነው ግን ሊሸከመው በማይችለው ሰው ላይ ነው።

ከክምር ድንጋይ ወይም ከጋሳይ አስፋልቱን ትቶ ሽቅብ ለወጣ ሰው ጤፍ ወዲያው ይጠፋል፤ ትንሽ ቆይቶ ስንዴውም ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ያለው ገብስና ድንች ነው። ገብሱን መኸር ሲቃረብ ውርጭ ይጠብቀዋል። ድንቹ በአህያ ተጭኖ አይሱዙ ወደቆመበት ይወርዳል፤ ዋጋ የሚቆርጠው ደላላው ነው። ደላላው ጠንቅቆ የሚያውቀው ነገር አለ፦ ያወረደውን ድንች መልሶ ዳገት የሚያወጣ ገበሬ የለም።

ማገዶው ኩበት ነው። ኩበቱ ምድጃ ስለሚገባ ማሳው ፍግ አያገኝም፤ ፍግ ያጣ መሬት ምርቱ ይቀንሳል፤ ምርት ሲቀንስ ሞፈሩ ወደ ጓሳው ሣር፣ ወደ አስታው፣ ወደ ጅብራው ይገፋል። ጉና የተራቆተው በዚህ መንገድ ነው እንጂ ደጋ ያለው ሰው የዛፍ ጠላት ሆኖ አይደለም። ጭላዳው ዛሬም ገደሉ ላይ ይታያል፤ ቀይ ቀበሮ ግን ከጉና መጥፋቱን ተመራማሪዎች ከመዘገቡ ቆይቷል።

እንግዲህ ለዚህ ሰው የተነገረው መልእክት አጭር ነው፦ ከብትህን አውጣ፣ ሣሩን አትጨድ፣ ከዚህ በላይ አትረስ። በጥርና በየካቲት ደግሞ እርከን ሥራ ውጣ ይባላል፤ ይወጣልም፤ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክፍያ ነው። እርከኑ የሚያስቀረው ደለል ታች ያለው ግድብ ውስጥ ሊገባ የነበረው ነው። ለጣራው ክዳን፣ ለገመዱ፣ ለበጎቹ ግጦሽ በነበረው ሣር ምትክ ምን ተሰጠው ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰማው መልስ “ግንዛቤ ተፈጥሮለታል” የሚል ነው። ግንዛቤ ጣራ አይከድንም።

መንገድና ጤና ኬላ በነዋሪ ቁጥር ሲደለደል፣ ጥቂት ቤት ተበታትኖ ያለበት ጎጥ ሁልጊዜ “ለከርሞ” ይባላል። (ጋፋት ላይ የተሠራው የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ፣ ሴባስቶፖል፣ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር መቅደላ ሲጎተት ተራራው እየተቆረጠ መንገድ ተበጅቶለታል። ምጥ የያዛት የጉና ሴት ዛሬም በወሳንሳ ነው የምትወርደው።) በነሐሴ 2013 የሰሜኑ ጦርነት እዚሁ አካባቢ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጣው የጸጥታ ችግርም የመንግሥትን ቢሮ ከተራራው ይበልጥ አራቀው።

ከልክሎ መጠበቅ ለአገራችን አዲስ አይደለም። መንዝ ጓሳን ቄሮ የሚባለው ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቆታል፤ የፈረሰው ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ነው። ያ ሥርዓት የሠራበት ምክንያት ክልከላው ስለጠነከረ ብቻ አልነበረም። ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ሲቆይ አንድ ቀን እንደሚከፈት፣ ሲከፈትም ማን እንደሚያጭድ ሁሉም ያውቅ ነበር። ጠባቂውና ተጠቃሚው አንድ ሰው ነበር። ጉና ላይ ጠባቂው ላይ ቤት፣ ተጠቃሚው ታች ቤት ነው። ይህ ሲያጋጥም ሌላው ዓለም ያደረገው ግልጽ ነው፦ ኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1997 ከላይኛው ተፋሰስ ነዋሪዎች ጋር ተዋውላ፣ ውድ የማጣሪያ ጣቢያ ከምትሠራ ውሃው ከምንጩ እንዲጠበቅ ገንዘብ መክፈልን መርጣለች።

ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው። ከጉና ውሃ የሚጠቀም፣ ጉናን ለሚጠብቀው ይክፈል። ሕጉ አለ፤ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 በውሃ ለሚጠቀም ክፍያ እንዲጣል ይፈቅዳል። የጎደለው ከክፍያው አንዱን እጅ ወደ ተራራው የሚመልስ ውሳኔ ነው፤ ይህን መወሰን ያለበት ደግሞ የክልሉ መንግሥት ነው፤ ወረዳዎቹ አቅሙም ሥልጣኑም የላቸውም። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ አጠገቡ ነው፤ የትኛው ሸንተረር ምን ያህል አፈር እንደሚለቅ እየለካ ክፍያው በግምት እንዳይሆን ማድረግ ይችላል። ገንዘቡ ለስብሰባ አበልና ለቢልቦርድ ሳይሆን ለመኖ ዘር፣ ለማገዶ ቆጣቢ ምድጃ፣ ለድንች ማከማቻና እስከ ጎጡ ለሚያደርስ መንገድ ይዋል፤ ወጪውም በቀበሌው ሕዝብ ፊት ይነበብ።

የፎገራ ገበሬም ድሃ ነው፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ያጠቃዋል፣ እንዴት ክፈል ይባላል የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፤ በባህላዊ መስኖ የሚጠቀመውን አዋጁ ራሱ ከፈቃድ ነፃ አድርጎታል፣ እኛም አይነካ እንላለን። የምንጀምረው ከግድቡ ቦይ ከሚጠጡ ሰፋፊ ማሳዎችና ከከተሞች የውሃ አገልግሎት ነው፤ የአነስተኛውን ገበሬ ድርሻ መንግሥት ይሸፍን። ይህ ክፍያ እስኪጀመር ድረስም ለጣራው አንድ ሸክም ጓሳ አጨደ ተብሎ ሰው መቅጣት ይቁም።