ፓውዛው ወደ መሬት ይዙር



በመጪው ጠቅላላ ጉባዔ ከሚቀርቡት አጀንዳዎች አንዱ ለግቢያችን ተጨማሪ ፓውዛ የመግዛቱ ጉዳይ መሆኑ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈው ጥሪ ታውቋል። በዚህ ጉዳይ እኛም የምንለው ስላለን ይህችን ጽሑፍ አቅርበናል። እኛ ማለት ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ጋቢያችንን ተከናንበን ከኮሙናሉ ቤት ጀርባ፣ ልብስ ማስጫው አጠገብ፣ ሰማይ ሰማይ የምናየው ነን። ስድስት ሰባት ሰው እንሆናለን፤ ፈተና አልቆ ተማሪዎቹ ሲመጡ ከአሥር እናልፋለን። አንዳንድ ጎረቤቶቻችን "ኮከብ ቆጣሪዎቹ" እያሉ እንደሚጠሩን እንሰማለን። ስሙን አንጠላውም፤ ነገር ግን የማንንም ዕጣ ፈንታ እንደማንናገር፣ የጠፋ ዕቃም እንደማናወጣ አስቀድመን ለማስታወቅ እንወዳለን። ሁለት እናቶች በዚሁ ጉዳይ መጥተውብን ስለነበር ነው።

ያለን መሣሪያ ብዙ አይደለም። አንድ ባይኖኩላር፣ አንዲት አነስተኛ ቴሌስኮፕ፣ አንድ ፔርሙዝ ቡናና የተገኘ ቆሎ፤ በቃ። "ታዲያ ከአዲስ አበባ መሐል ምን ይታያል?" ለሚለን ሁሉ መልሳችን፣ ኧረ ብዙ ነገር ይታያል ነው። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ የሰሜኑም የደቡቡም ሰማይ ይደርሰናል። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል፣ ማለትም ክንድ ተዘርግቶ አንድ ጭብጥ የሚያህል ከፍ ብላ፣ ከእንጦጦ ጫፍ ብዙም ሳትርቅ ትቆማለች። በግንቦት ደግሞ፣ ደመናው ካልቀደመን፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ፊታችንን ወደ ደቡብ ስናዞር የደቡብ መስቀል የሚባሉትን ኮከቦች እናያለን። ለንደን ያለው ዘመዳችን ከደጁ ሆኖ መስቀሉን አያየውም፤ ሜልቦርን ያለው ደግሞ የሰሜን ኮከብን አያያትም። እኛ እዚሁ ልብስ ማስጫው ሥር ቆመን በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱንም እናያለን። በጥርና በየካቲት ምሽት ከሌሊቱ ሰማይ ኮከቦች ሁሉ በድምቀት አንደኛና ሁለተኛ የሆኑት ሲሪየስና ካኖፐስ አንድ ላይ ይወጡልናል። ጁፒተር በሚታይበት ወቅት እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው በባይኖኩላሩ አጠገቧ የተደረደሩ ጥቃቅን ነጥቦች ያገኛል፤ ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያያቸው ጨረቃዎቿ ናቸው።

ከሁሉም በላይ ግን ልጆቹን የምትማርካቸው ቡና ናት። የሚጠጣው ቡና ሳይሆን ኮከቧ። ብዙ ሰው አልሰማም መሰል። በ2012 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮች ለየአንዳንዷ ኮከብና በዙሪያዋ ለምትዞረው ፕላኔት ስም እንዲያወጡ ዕድል ሲሰጥ፣ ለኢትዮጵያ የደረሰችው ኮከብ "ቡና"፣ ፕላኔቷም "አቦል" ተብላ ተሰየመች። ቶናና በረካ ገና አልተገኙም። ቡና አንድሮሜዳ በሚባለው የኮከቦች ክፍል ውስጥ ናት፤ በባዶ ዓይን ለማየት ደካማ ብትሆንም በባይኖኩላር ትገኛለች። በታኅሣሥ አጋማሽ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ወደ ሰሜን ዞሮ ቀና ማለት ነው። ብርሃኗ እኛ ዘንድ ለመድረስ ወደ 200 ዓመት ገደማ ስለሚፈጅበት፣ ዛሬ የምናየው ከርሷ የተነሣው በዘመነ መሳፍንት ነው። ይህንን ለአንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ስንነግረው "ታዲያ አሁን አለች?" ብሎ ጠየቀን። ይህችን ጥያቄ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚጠይቃት አይመስለንም።

እንግዲህ ወደ ፓውዛው ጉዳይ እንመለስ። አምና በታኅሣሥ ቡናን ለሁሉም ልጆች በየተራ አሳይተናል። ዘንድሮ ከብሎኩ ጎን የተሰቀለው አዲሱ ፓውዛ አግድም ስለሚተኩስ ብርሃኑ ቀጥታ ዓይናችን ውስጥ ይገባል። የሰው ዓይን ጨለማውን በሚገባ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ፓውዛ ካየ ደግሞ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። ስለዚህ ልጆቹ ቡናን ሳያዩ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ጥሩ ሰማይ የምናገኘው መብራት የጠፋ ዕለት ብቻ ሆኗል። ሰፈሩ ሁሉ ሲያማርር እኛ ደረጃውን እየሮጥን ስንወርድ ያየ ሰው ቢታዘበን አይፈረድበትም።

በርግጥ ጥፋቱ ሁሉ የግቢያችን ፓውዛ አይደለም። ከተማው በሙሉ ደምቋል፤ በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የኮሪደር ልማት ወዲህማ በየመንገዱ ያለውን መብራት ሁላችንም እናየዋለን። ከመንገዱ ማዶ ያለው የአንድ ድርጅት የማስታወቂያ ስክሪንም ሌሊቱን ሙሉ ቀለም ሲቀያይር ያድራል። የእንጦጦው የሥነ ፈለክ ጣቢያ እንኳ፣ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆኖ፣ ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች ይዞ፣ የከተማው ብርሃን ከሥሩ ሆኖ ያስቸግረዋል። ከዚህ ብርሃን ለመሸሽም በላሊበላ አካባቢ ተራሮች ላይ ሌላ ቦታ ሲታሰብ ቆይቷል። ችግሩ የኛ አገር ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ከዓለም ሕዝብ ከአንድ ሦስተኛ በላይ የሚሆነው ፍኖተ ሐሊብን ከሚኖርበት ቦታ ሆኖ ማየት እንደማይችል አሳይቷል። ገጠር ያደጉት ጎረቤቶቻችን ፍኖተ ሐሊብ ምን እንደሆነ መግለጽ አያስፈልጋቸውም። እዚህ ግቢ የተወለዱት ልጆች ግን ስሙንም የሰሙት ከኛ ነው።

እኛ ለቦሌና ለመስቀል አደባባይ መብራት ልናዝ አይደለም። የምንናገረው በራሳችን መዋጮ ስለሚገዛው ነው።

አንዳንድ ወገኖች "እናንተ ኮከብ እንድታዩ እኛ እንዘረፍ?" እንደሚሉን እናውቃለን። ቀላል ጥያቄ አይደለም። ሌሊት ከሥራ የምትመለስ እህታችን ከዋናው በር እስከ ብሎኳ ድረስ የምትረግጠውን ማየት አለባት፤ ባለፈው ክረምት የተሰረቁት የመኪና መስታወቶችም አልተረሱም። መብራት አይኑር የሚል ከመካከላችን አንድም ሰው የለም። የኛ ጥያቄ መብራቱ ለምን ይበራል፣ ወዴትስ ይበራል የሚል ነው። ሌባው ሰማይ ላይ አይደለም ያለው! አሁን እንደተሰቀለው ከሆነ ከብርሃኑ ከፊሉ ወደ ላይ፣ ከፊሉ በሦስተኛና በአራተኛ ፎቅ መኝታ ቤቶች መስኮት ይገባል፤ ለመሬቱ የሚተርፈው የቀረው ነው። ሒሳቡን ግን የምንከፍለው ለሁሉም ነው። ይህ ብቻም አይደለም። ፊት ለፊት የሚተኩስ ፓውዛ ዓይን ስለሚያጠብ ከጀርባው ያለውን ጥላ የባሰ ያጠቁረዋል። ማመን ያቃተው ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በዋናው በር ገብቶ ከፓውዛው ሥር የቆመ ሰው ለመለየት ይሞክር። የጥበቃ ሠራተኞቻችንም እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ነው የሚያዩት።

በመሆኑም ለጉባዔው የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። አዲሶቹ መብራቶች ቁልቁል እንዲያዩ ሆነው ይሰቀሉ፤ ያለውም ይስተካከል። ላያቸውና ጎናቸው ከላሜራ በተሠራ ባርኔጣ ይከደን። አምፖሉ ከነጭ ሰማያዊው ይልቅ ወደ ቢጫ የሚያደላው ይገዛ፤ ሰማያዊው ብርሃን በአየር ውስጥ ይበልጥ ይበተናል፤ ቀን ሰማዩን ሰማያዊ የሚያደርገውም ይኸው መበተን ነው። መተላለፊያውና የመኪና ማቆሚያው እስኪነጋ ይብራ። ከኳስ ሜዳው በላይ ያለው ግን ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ ለማን ይበራል? እሱ በታይመር ይጥፋ።

የኮሚቴው አባላት ይህ ወጪ ይጨምራል ይሉ ይሆናል። ታይመሩ በርግጥ ዋጋ አለው። ብርሃኑ በሙሉ መሬት ላይ ሲያርፍ ግን ኃይላቸው አነስ ያለ አምፖሎች ሊበቁን ይችላሉ፤ ለአራት ፓውዛ ከተያዘው ገንዘብ ሁለቱን ብቻ ገዝቶ መሞከሩ ምን ይጎዳል? ሞክረን ጨለማ ከሆነ ሁለቱ ይጨመሩ፤ እኛው ራሳችን እጃችንን አውጥተን እንደግፋለን።

ላሜራውን ከመካከላችን ብረት ሥራ የሚችል አንድ አባል ያለ ክፍያ ቆርጦ ለመበየድ ፈቃደኛ ሆኗል። የባርኔጣው ልክና ንድፍ ከዚህ ወረቀት ጎን ተለጥፏል። በተጨማሪም በመጪው ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ የብሎኩን ፓውዛ ለአንድ ሰዓት በካርቶን ጋርደን እናሳያለን፤ መብራቱን አናጠፋውም። መምጣት የሚፈልግ ጋቢ ይያዝ፣ ብርድ አለ። የእጅ ባትሪ ይዞ የሚመጣም ፊቱን በቀይ ጨርቅ ሸፍኖ ይምጣ።