ሦስት ሰዎች በአንዲት የመርከብ ክፍል እንዴት ተስማምተው ይጓዛሉ?

ሰው በቤቱ ሳለ ጠባዩን ግድግዳው ይሸፍንለታል። ቢቈጣ ወደ ጓዳ ይገባል፤ ቢያዝን በሩን ይዘጋል፤ ቢደክመው ማንም ሳያየው ጋደም ይላል። በመንገድ ላይ ግን፥ ይልቁንም በባሕር ላይ፥ የሚሸሸግበት ስፍራ ስለሌለው ጠባዩ ሁሉ ለባልንጀራው ይገለጣል። ስለዚህ አብሮ መጓዝ አብሮ ከመኖር የሚከብድበት ጊዜ አለ።

በዚህ ሳምንት የምንጽፈው በጎፋና በአካባቢው ከሚኖሩ ቤተ ሰቦች ዘንድ ልጆቻቸው በውጭ አገር ላሉት ሁሉ የሚያስፈልግ ነገር ነው። አንዲት ልጅ በሰው አገር ሠርታ ጥቂት ገንዘብ ታጠራቅማለች፤ እናቷንና አክስቷን በሕይወት ሳሉ ባሕርን ላሳያቸው ብላ በሽርሽር መርከብ የሰባት ቀን ጉዞ ታስባለች። ነገር ግን ገንዘቡ የሚበቃው ለአንድ ክፍል ብቻ ነው። እናት ሲተኙ ያንኰራፋሉ፤ አክስት በሌሊት ተነሥተው ይጸልያሉ፤ ልጂቱም እስከ እኩለ ሌሊት መብራት አብርታ ማንበብ ለምዳለች። እንግዲህ ሦስቱ በአንዲት ጠባብ ክፍል ሰባት ሌሊት አድረው እንደ ተከባበሩ ሊመለሱ ይችላሉን? ወይስ ለደስታ የተጠራቀመው ገንዘብ ለቅያሜ ይውላል?

መልሳችን ይቻላል የሚል ነው። ሳይሰናዱ ግን አይቻልም።

አስቀድመን ልናስታውስ የሚገባን፥ ይህ ጥበብ ለጎፋ ሰው እንግዳ አለመሆኑን ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ሥራ ወደ ጎፋም ደርሶ ብዙ ሰው በፎቅ ላይ መኖርን ተለማምዷል። ስቱዲዮ በሚባለው ባለ አንድ ክፍል ቤት እናት፥ ለአካለ መጠን የደረሰች ልጅና ከአገር ቤት የመጣ ዘመድ አብረው ሲኖሩ እናያለን። እነዚህ ሰዎች መጋረጃ በመጋረድ፥ ፍራሽ በጧት በማንሣት፥ አንዱ ልብስ ሲለውጥ ሌላው ወደ ደረጃው ብቅ በማለት ክብራቸውን ይጠብቃሉ። ከጎፋ ብዙ በማይርቀው በለቡ የባቡር ጣቢያም የሚታይ ምሳሌ አለ። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ሲጀምር፥ ከመንገደኛ ሠረገላዎቹ መካከል ታች፥ መካከልና ላይ ሆነው የተደረደሩ ሦስት አልጋዎች ያሉባቸው ነበሩ። በዚያ ታች የሚተኛ ሰው መካከለኛውን ሳያስነሣው እንዴት እንደሚነሣ ማሰብ ነበረበት። የመርከቡም ክፍል ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም።

የባሕርም ጉዞ ለአገራችን ሰው ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በሚያዝያ ወር 1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ልዑል ተፈሪ መኰንን መሳፍንቱንና መኳንንቱን አስከትለው በባቡር ወደ ጅቡቲ ወርደው፥ ከዚያም በመርከብ ወደ ኢየሩሳሌም፥ ወደ ግብጽና ወደ ኤውሮጳ ሲሄዱ፥ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ አብረው ነበሩ፤ የመንገዱንም አኳኋን «ደስታና ክብር» በተባለው መጽሐፋቸው ጽፈው አቆይተውልናል። በዚያ ዘመን ባሕር መሻገር የታላላቅ ሰዎች ዕድል ነበረ፤ ዛሬ ግን ከሠራተኛ ቤት የወጣች ልጅ እናቷን ልታሻግር ትችላለች። ይህ ታላቅ ነገር ስለ ሆነ በትንሽ ነገር እንዳይበላሽ መጠንቀቅ ይገባል።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። ካቢን የሚባለው የመርከብ መኝታ ክፍል፥ መስኮት የሌለው ተራው ዓይነት፥ ብዙውን ጊዜ ከ14 እስከ 17 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ መታጠቢያውም በዚሁ ውስጥ ይቈጠራል። በወለሉ ላይ ሁለት አልጋዎች አሉ፤ ሲፈልጉ ተጋጥመው አንድ ሰፊ አልጋ፥ ሲፈልጉ ተለያይተው ሁለት ይሆናሉ። ሦስተኛው አልጋ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በአንዳንዱ መርከብ ቀን ቀን ከግድግዳው ወይም ከጣራው ጋር ታጥፎ ውሎ ማታ አስተናጋጁ የሚያወርደው፥ በመሰላል የሚወጡበት አልጋ ነው። በሌላው ደግሞ ቀን መቀመጫ፥ ሌሊት መኝታ የሚሆን ሶፋ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት «ሦስተኛው አልጋ ምን ዓይነት ነው? ሁለቱስ የታች አልጋዎች ተለያይተው ይዘረጋሉን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ይህን ሳይጠይቅ የከፈለ ሰው የስድሳ ዓመት እናቱን በመሰላል ላይ ሲያወጣ ይገኛል።

ለሦስተኛው ሰው የሚከፈለው ዋጋ ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ ያንሳል። ነገር ግን የወደብ ቀረጥና በየቀኑ ለአስተናጋጆች የሚታሰበው ጉርሻ በያንዳንዱ ሰው ልክ ስለሚቈጠር፥ ሒሳቡን ጨርሶ ሳያዩ ርካሽ ነው ብሎ መደሰት አይገባም። ደግሞም የመርከቡ ሰዎች የመንገደኛውን ቍጥር በሕይወት ማዳኛ ጀልባዎች ልክ ስለሚወስኑ፥ ለሁለት ሰው በተያዘ ክፍል ሦስተኛ ሰው በኋላ ልጨምር ማለት ሁልጊዜ አይቻልም። ከመጀመሪያው ሦስት ነን ብሎ ማስታወቅ ነው።

ስለ አልጋ አከፋፈል ሕጉ ቀላል ነው። የታቹ አልጋ ለታላላቆች፥ የላዩ ለታናሽ ይሁን። ከታቾቹም ለመታጠቢያው የሚቀርበው በሌሊት ለሚነሡት ይሰጥ። በእኛ ምሳሌ እነዚህ አክስት ናቸው፤ ስለ ምን ቢሉ፥ ለጸሎት ሲነሡ በሁለት ሰው እግር መካከል በጨለማ ማለፍ አያስፈልጋቸውም። ልጂቱ «ገንዘቡን የከፈልሁት እኔ ነኝ» የሚለውን አሳብ በልቧም ቢሆን አታኑር። የከፈለ ሰው የላዩን አልጋ በፈቃዱ ሲወስድ ስጦታው ይከብራል፤ የታቹን ሲወስድ ግን ስጦታው ንግድ ይመስላል።

መታጠቢያው አንድ ብቻ፥ ያውም እጅግ ጠባብ ነው። የሦስት ሰው ጠብ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ በዚህ በር ላይ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ማታ ተራውን መነጋገር ያስፈልጋል። በሌሊት የሚነሡት አስቀድመው፥ ቀጥሎ እናት፥ በመጨረሻም ልጅ ቢታጠቡ ማንም ቆሞ አይጠብቅም። አንዱ ሲታጠብና ሲለብስ የቀሩት ወደ መርከቡ ሰገነት ወጥተው ንጹሕ አየር ቢቀበሉ መልካም ነው። በአገራችን ልማድ እናት በልጇ ፊት፥ አክስትም በወንድም ሚስት ፊት መራቈት ያሳፍራታልና፥ ይህን እፍረት በዝምታ መጠበቅ የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው።

ስለ ጓዝ ደግሞ አንድ ነገር እንናገራለን። የቤታችን ሰዎች መንገድ ሲሄዱ ቤቱን አንሥተው መሄድ ይወዳሉ። በመርከብ ግን ሦስት ታላላቅ ሻንጣዎች ከተከፈቱ ለእግር መርገጫ ቦታ አይቀርም። ለያንዳንዱ ሰው አንድ መካከለኛ ሻንጣ ይበቃል፤ ልብሱን በመሳቢያ ከጨረሱ በኋላ ባዶው ሻንጣ ከአልጋ በታች ይገባል። ድርቆሽና በሶ ጥቂት ቢያዝ አይከፋም፤ ነገር ግን ምግብ ይዞ ስለ መግባት መርከቡ የራሱ ሕግ አለውና አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል። የልብስ ካውያ፥ የውሃ ማፍያና የኤሌክትሪክ ምድጃ በብዙ መርከቦች ክልክል ናቸው። ይልቁንም እናቶቻችን ሊያውቁት የሚገባው፥ በባሕር ላይ ከእሳት የከፋ ጠላት ስለሌለ፥ ዕጣን ማጨስ፥ ሻማ ማብራትና ከሰል አቀጣጥሎ ቡና ማፍላት ፈጽሞ አይፈቀድም። ጀበናው በጎፋ ይቈይ፤ ስኒዎቹን ግን ይዞ ሄዶ ከመርከቡ ቡና ቤት በሚቀዳው ቡና ሦስቱ ተቀምጠው ቢጨዋወቱ የሚከለክላቸው የለም።

በሌሊት የሚሆነውን ደግሞ እንይ። የሚያንኰራፉ ሰው ጥፋተኛ አይደሉም፤ የማይተኛው ሰው ግን ይሠቃያል። ጆሮ መድፈኛ ለሁለቱ መግዛት ትንሽ ወጪ ነው። ልጂቱ ማንበብ ብትፈልግ በራስጌ ያለችውን ትንሽ መብራት ታብራ፤ አለዚያም ወደ መርከቡ አዳራሽ ትውጣ። የሚጸልዩት በሹክሹክታ ይጸልዩ፤ አምላክ ሹክሹክታን ይሰማልና። ስለ ባሕር ሕመም የሚሰጋ ሰው ካለ፥ ከመርከቡ መካከልና ከታችኛው ደርብ ያለው ክፍል ከፊትና ከኋላ፥ ከላይም ካሉት ያነሰ ስለሚናወጥ፥ ክፍል ሲመርጡ ይህን ማስታወስ ነው። ለሕመሙ የሚሰጠው ክኒን እንቅልፍ የሚያመጣ ስለሚሆንና በዕድሜ የገፉ ሰዎች ሌላ መድኃኒትም ስለሚወስዱ፥ ከመነሣት በፊት ሐኪማቸውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጠባብ ክፍልን የሚያሰፋው ታላቁ ምስጢር ግን በክፍሉ ውስጥ አለመዋል ነው። መርከቡ ራሱ እንደ ትንሽ ከተማ ነው። ሦስቱም ቀኑን ሙሉ ተያይዘው መዋል የለባቸውም። በየቀኑ ለያንዳንዳቸው ክፍሉን ብቻቸውን የሚይዙበት አንድ አንድ ሰዓት ይወሰን፤ እናት ያርፋሉ፥ አክስት መጽሐፋቸውን ያነባሉ፥ ልጂቱም ከወዳጆቿ ጋር በስልክ ትነጋገራለች። ከዚህ በኋላ ማታ በማዕድ ሲገናኙ የሚነጋገሩት ነገር አይጠፋቸውም። ዓርብና ረቡዕ ለሚጾሙትም ከሥጋና ከወተት የተለየ ምግብ እንዲቀርብ ክፍሉ በሚያዝበት ጊዜ ማስታወቅ ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልባችንን የሚያሳስበን የፈቃድ ወረቀት ጉዳይ ነው። ልጂቱ የውጭ አገር ፓስፖርት ካላት በየወደቡ ልትወርድ ትችላለች፤ እናቷና አክስቷ ግን የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዙ ስለ ሆኑ ቪዛ ያስፈልጋቸዋል። አልጋ ወራሹ ወደ ኤውሮጳ ከተጓዙ ልክ በ100 ዓመቱ፥ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም.፥ የኤውሮጳ ኅብረት ምክር ቤት ለኢትዮጵያውያን ብዙ ጊዜ የሚያስገባው የሼንገን ቪዛ እንዳይሰጥ፥ የቪዛውም መመርመሪያ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን እንዲረዝም ወሰነ። የዚህ ነገር ትርጓሜ ለመርከብ መንገደኛ ከባድ ነው። ከጣሊያን ተነሥቶ ወደ ቱርክ ወይም ወደ ቱኒዝያ ደርሶ እንደ ገና ወደ ጣሊያን የሚመለስ መርከብ ከሼንገን ወጥቶ ይገባል፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የያዘ ሰው በዚያ መርከብ ለመሳፈር ይከለከላል። እናት በወደብ ቀርተው ልጅ ስትሄድ ማየት ከጠባብ ክፍል ይልቅ የከፋ መከራ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት የመርከቡን ወደቦች ሁሉ ቈጥሮ፥ ቪዛ የሚሰጠውን ኤምባሲ በጊዜው ስላለው ሕግ ጠይቆ መቍረጥ ይገባል። ለቪዛው የሚያስፈልገው የጕዞ ሕክምና ዋስትናም ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት፤ የመርከብ ሐኪም በነጻ አያክምምና ዋስትናው በባሕር ላይም የሚሠራ መሆኑ ይታይ።

ከመሳፈር በኋላ የመጀመሪያው ሥራ የአደጋ ጊዜ ትምህርት ነው። ታይታኒክ የተባለችው መርከብ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1912 ከሰጠመች በኋላ በ1914 የባሕር ላይ ሕይወትን የሚጠብቅ ውል በመንግሥታት መካከል ተጻፈ። በ2012 ደግሞ ኮስታ ኮንኮርዲያ በጣሊያን ዳርቻ ተጋጭታ 32 ሰዎች በሞቱ ጊዜ፥ ትምህርቱ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም ወዲያው እንደ ተነሣ እንዲሰጥ ሕጉ ጠነከረ። ልጂቱ ቋንቋውን ስለምታውቅ «እኔ እሰማላችኋለሁ» ብላ ታላላቆቹን በክፍል ትታ እንዳትሄድ። ሁለቱም የሚሰበሰቡበትን ስፍራ በእግራቸው ሄደው ይዩት፤ የነፍስ አድን ልብሱንም ራሳቸው ለብሰው ይሞክሩት፤ አደጋ ሲደርስ ልጂቱ ከእነርሱ ጋር ላትሆን ትችላለችና።

ሦስት ሆኖ በአንድ ክፍል መሄድ የማይገባበትም ጊዜ አለ። በሌሊት ደጋፊ የሚያስፈልጋቸው ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ሰው ካሉ፥ ሶፋው ሲዘረጋ መተላለፊያው ስለሚዘጋ አደጋ ነው። ደግሞ በሁለቱ ታላላቆች መካከል ያልታረቀ ነገር ካለ ባሕር አያስታርቀውም፤ አስቀድሞ በጎፋ ሽማግሌ ተቀምጦ ይጨረስ። ያን ጊዜ ጉዞውን አሳጥሮ ሁለት ክፍል መያዝ ይሻላል። ቪዛ ያልተገኘ እንደ ሆነም ከባሕር ዳር ተነሥቶ በጣና ላይ በጀልባ ወደ ደሴቶቹ ገዳማት መሻገር ውሃና በረከት አንድ ላይ የሚገኝበት ጉዞ ነው፤ ማታም በየብስ ላይ በሰፊ ቤት ያድራሉ።

በመጨረሻ ለልጆች የምንመክረው ይህ ነው። እናቶች «ልጄ ከሰረች» ብለው በየሰዓቱ እንዳይሳቀቁ፥ ወጪውን በፊታቸው አትቍጠሩ። ለእናቶችም የምንለው፥ ልጃችሁ ያደረገችውን ከጎረቤት ልጅ ጋር አታነጻጽሩ፤ ክፍሉ ጠበበኝ ከማለታችሁም በፊት ልጂቱ ስንት ሌሊት በጠባብ ክፍል አድራ ይህን እንዳጠራቀመች አስቡ። አባቶቻችን ሆድ ከአገር ይሰፋል ብለዋል። ሦስት ሰዎች ሆዳቸውን ካሰፉ የአሥራ አራት ሜትር ክፍል ይበቃቸዋል፤ ሆዳቸው ከጠበበ ግን መርከቡ ሁሉ ቢሰጣቸው አይበቃቸውም።