ዝም ያሉት ሰዎች ሥራ

በግንብ የታጠረችውን የሐረር አሮጌ ከተማ ጀጎልን ካርታ ላይ ማስፈር ሁለት ዓይነት ሥራ ነው። የግንቡን ዙሪያና ሰፋ ያሉትን መንገዶች ከሳተላይት ምስል እያዩ የትም ተቀምጦ መሳል ይቻላል። ስም ግን ከሰማይ አይታይም። ሐረሪው አስመዲን በሪ የሚለውን በር ሌላው ሸዋ በር እንደሚለው፣ አርጎብ በሪና ኤረር በርም አንድ መሆናቸውን የሚያውቀው ቦታው ድረስ ሄዶ የጠየቀ ነው። ዩኔስኮ ከተማዋን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችና ዚያራ የሚባሉ 102 የአውልያ ቅዱሳን ስፍራዎች እንዳሏት አስፍሯል። እያንዳንዱን በስሙ ለማስገባት በጠባቦቹ መንገዶች መዞር ግድ ነው።

ይህን የመሰለ ሥራ በነፃ የሰጠ ሰው፣ የሰጠበት ውል በኋላ ሲቀየር ሥራው ምን ይሁን? ኦፕንስትሪትማፕ የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ካርታ ይህ ጥያቄ ገጥሞታል። ለዓመታት በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ሲሠራ ቆይቶ፣ መስከረም 2 ቀን 2005 ዓ.ም. ለመረጃ ቋት ተብሎ ወደተዘጋጀ ሌላ ፈቃድ ተሻገረ። ነባሮቹ ተሳታፊዎች አስቀድመው እንዲስማሙ ተጠይቀው ነበር። እምቢ ያሉትም ሆኑ ጭራሽ መልስ ያልሰጡት ያስገቡት ነገር በ2004 ክረምት ተሰረዘ። በዓለም ደረጃ የጠፋው ጥቂት ቢሆንም አውስትራሊያና ፖላንድ ክፉኛ ተጎድተዋል።

ለውጡን የደገፉት በቂ ምክንያት ነበራቸው። የቀድሞው ፈቃድ የተጻፈው ለድርሰትና ለፎቶግራፍ በመሆኑ የመንገድ ነጥቦችን ስብስብ መጠበቁ አጠራጣሪ ነበር። የእኛም አገር የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለተራ መረጃ ጥበቃ አይሰጥም። የተቃወሙት በበኩላቸው ሰፊ መብት ለአንድ ተቋም መስጠቱ አሳስቧቸዋል፤ ከመንግሥት መዝገብ ያመጡትን መረጃ በራሳቸው ፊርማ ማስተላለፍ ያልቻሉም ነበሩ። ተሳታፊዎቹ እንዲቀበሉት የተጠየቁት አዲሱ ስምምነት ደግሞ ወደፊት ፈቃዱ በንቁ ተሳታፊዎች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊቀየር እንደሚችል ይደነግጋል። አንድ ጊዜ ሠርቶ የተወ ሰው ድምፅ የለውም ማለት ነው።

እምቢ ያለውን ሰው ሥራ መሰረዝ ተገቢ ነው። የሚከብደው ዝም ያለው ነው፤ ኢሜይሉን የቀየረ አለ፣ የሞተም አለ። እንደዚያም ሆኖ ዝምታን እሺታ አድርጎ መውሰድ ሌላ ሰው በስሙ እንዲፈርምለት መፍቀድ ስለሚሆን፣ እኔ ከመሰረዙ ጎን እቆማለሁ። የመስጊዱ ስም እንደሆነ የካርታ ሠሪው ንብረት አይደለም፣ የሰፈሩ ነው። ከተሰረዘው መዝገብ እስካልገለበጠ ድረስ ማንም ሄዶ ጠይቆ ሊያስገባው ይችላል።

ችግሩ ሸክሙ የሚያርፈው ማን ላይ ነው የሚለው ነው። ከስረዛው በፊት የሚጠፋውን የሚያሳይ ካርታ ወጥቶ ብዙዎች ቀድመው እንደገና ሠርተዋል። ይህ የሚበጀው ግን ሠሪ በሞላበት አገር ነው። ሠሪው አንድ ሁለት ሰው በሆነበት ከተማ የጠፋ የዚያራ ስም ዓመታት ሊጠብቅ ይችላል። ስለዚህ ፈቃድ የሚቀይር ማንኛውም ፕሮጀክት የስረዛውን ቀን ሲቆርጥ፣ መለኪያው እንዲህ ያለው ከተማ ስሞቹን መልሶ ለመሰብሰብ የሚፈጅበት ጊዜ መሆን አለበት።