ልብስ ጠባቂ አንሁን!

እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2018 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሚኒያፖሊስ ሲመጡ፣ በታርጌት ሴንተር አዳራሽ ልዩ ልዩ ባንዲራ ይዘን በአንድ ጣራ ሥር ቆመን ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የትግራይ ጦርነት ሲፈነዳ ጥይቱ እኛ ዘንድ አልደረሰም፤ ቃሉ ግን ደረሰ። አንድ መስቀል ተሳልመን ስንወጣ በመኪና ማቆሚያው ሰላምታ የተነፋፈግን ጥቂት አይደለንም።

ቃል የት ድረስ እንደሚሄድ የፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ሞት ይመሰክራል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩ የትግራይ ተወላጅ ናቸው። ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከውንጀላ ጋር ፌስቡክ ላይ ወጣ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 2021 በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው በ2022 መጨረሻ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ኬንያ ውስጥ ከሰሰ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በኤፕሪል 2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ።

ኩባንያው በችሎት ይጠየቅ። የጻፈው፣ ያጋራው፣ “ይበለው!” ብሎ ያለፈውስ በማን ፊት ይጠየቃል? ክርስቲያን መልሱን ያውቃል። ጌታችን በፍርድ ቀን የሚመረመረው ሥራችን ብቻ ሳይሆን እንደ ዘበት የተናገርነውም ጭምር መሆኑን አስተምሮናል።

ከሁለቱ ከተሞቻችን አንዷ ሴንት ፖል በሐዋርያው ጳውሎስ ስም ነው የተጠራችው። ጳውሎስ ገና ሳውል ሳለ፣ እስጢፋኖስ ሲወገር ድንጋይ ወረወረ አልተባለም። የወጋሪዎቹን ልብስ ነው የጠበቀው። ኋላ ግን “እኔ አልወረወርኩም” ብሎ አላመለጠም፤ በደሙ መተባበሩን በአደባባይ ተናዘዘ። እኛም በሞቀ ቤታችን ተቀምጠን የጥላቻ ጽሑፍ ስናጋራ ልብስ እየጠበቅን ነው። ዕዳውን የሚከፍለው ጎረቤቱን እየፈራ የሚያድረው የአገር ቤት ወገን ነው።

ታዲያ ግፍ እያየን ዝም እንበል ወይ? በፍጹም! መጥምቁ ዮሐንስ ሄሮድስን ገሥጿል፤ አንገቱንም ሰጥቷል። የገሠጸው ግን የሄሮድስን ሥራ እንጂ የሄሮድስን ዘር አይደለም። ገዳዩን ገዳይ፣ ዘራፊውን ዘራፊ እንበል፤ ማስረጃ ይዘን። “እነሱ” ብለን ሕዝብን በጅምላ ስንወነጅል ግን ፍትሕ መጠየቁ ቀርቶ ድንጋይ ማቀበል ይሆናል።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የተጻፈ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ከመለጠፋችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቅ፤ ይህ ቃል መቀሌ፣ ወለጋ ወይም ባሕር ዳር ያለ አንድ ሰው ደጃፍ ቢደርስ ምን ያመጣበታል? ያን የተነፋፈግነውን ሰላምታም በመጪው እሑድ እዚያው መኪና ማቆሚያ እንጀምረው።

እግዚአብሔር ለአንደበታችን ጠባቂ ይስጠን!