ልጆቻችሁን ወደ ሳነቴ ስትወስዱ

የዕረፍት ጊዜ በደረሰ ቁጥር ልጆቻችንን ወዴት እንውሰድ የሚለው ጥያቄ ያስቸግረናል። ጊዜና አቅም የፈቀደላችሁ እናቶች በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚገኘውን የሳነቴን አምባ እንድታዩት እንመክራለን። ከጎባ የሚወጣው መንገድ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው ወፍራም ልብስ አትርሱ።

ልጆች ገና እንደ ደረሱ ቀይ ቀበሮ ካላየን ይላሉ። እናንተ ግን አስቀድማችሁ መሬቱን አሳዩአቸው። በየረባዳው ያለው ረግረግ ከብርዱ የተነሣ የደረቀው ሣር ቶሎ ስለማይበሰብስበት፣ የክረምቱን ዝናብ እንደ ስፖንጅ መጥጦ በበጋ ቀስ እያለ ለወንዞች ይለቀዋል። በኩሬዎቹ ዳር በአገራችን ብቻ የሚገኘው ክንፈ ሰማያዊ ዝይ ይሰማራል። በባሌ ብቻ የሚኖረው ትልቁ ፍልፈልም አፈሩን ሲቆፍር ይውላል፤ የቀይ ቀበሮው ዋና ምግብ እሱ ነው።

በአንድ የቀበሮ መንጋ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንዲት እናት ስትሆን ሌሎቹ ቡችሎቹን ይቀልባሉ፤ አንዳንዴም ሌላዋ እንስት ታጠባለች። ጎረቤት ልጅ የሚይዝላት ሠራተኛ እናት ይህ አይገርማትም።

ታዲያ እ.ኤ.አ. በ2003 ከውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ በሽታው ከገባባቸው ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጅቷል። በመላ አገሪቱ የቀሩት አዋቂ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው። ስለዚህ ውሻችሁን አስከትቡ፣ ይዛችሁትም አትሂዱ። መኪናው ከመንገዱ ወጥቶ ረግረጉን እንዳይረግጥ ለሾፌሩ ንገሩ፤ የምሳ ትራፊም ወደ ቤት ይመለስ።