ስለ ምርምር ገንዘብ አጠያየቅ

ውድ ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ የምነግርህ ነገር ስለ ገንዘብ ቢመስልም ስለ እውነተኛነት ነው። አንድ ዩኒቬርሲቲ የምርምር ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት የወጪውን ዝርዝር እስከ ምን ድረስ ሊጠይቀው ይገባል? ብዙ ሰዎች «ዝርዝሩ በበዛ መጠን ሌብነት ይቀንሳል» ይላሉ። እኔ ግን ይህን አሳብ እቃወማለሁ፤ የምቃወመውም በራሴ ከደረሰው ነገር ተነሥቼ ነው።

በ2008 ዓ.ም. በአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳስተምር፣ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋራ ሆነን፣ በሦስት የገጠር ትምህርት ቤቶች የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች ያነበቡትን ምን ያህል እንደሚረዱ ለመመርመር አሰብን። ለሥራውም ከአንድ ዩኒቬርሲቲ 40,000 ብር ጠየቅን። የተሰጠን ቅጽ የእርሳሱን፣ የላጲሱን፣ የወረቀቱን ዋጋ አንድ በአንድ እንድንጽፍ፣ ለያንዳንዱም ወጪ ከሦስት ነጋዴዎች ፕሮፎርማ እንድናመጣ ያዝዝ ነበር። ከትምህርት ቤቶቹ ወደ ሁለቱ መኪና አይገባም፤ የሚያደርሰው በቅሎ ነው። በቅሎ የሚያከራይ ገበሬ ደግሞ ማኅተም ያለበት ፕሮፎርማ ከየት ያመጣል? ማመልከቻችን ሦስት ጊዜ ተመለሰብን። በመጨረሻ አንድ ሰው «የበቅሎውን ኪራይ የመኪና ኪራይ ብላችሁ ጻፉት» ብሎ መከረን። እኛም ከሦስት የመኪና ባለቤቶች ወረቀት ለምነን አመጣን፤ እኔም ፈረምሁ። በዚያው ሳምንት ጸደቀ። እውነቱ ሦስት ጊዜ ወደቀ፤ ሐሰቱ ግን በአንድ ጊዜ አለፈ።

ወረቀቱን ወደ ጽሕፈት ቤት ያደረሰልን ቀድሞ ተማሪዬ የነበረ ወጣት ረዳት ነው። አንብቦ ቀና አለና፣ «መምህር፣ ሥራው እንዲህ ነው እንዴ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ገንዘቡም የደረሰን በሰኔ ማለቂያ፣ ልጆቹ ለክረምት ከተበተኑ በኋላ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ስለሚዘጋ መልሰን አስረከብን። የነዚያ ልጆች ንባብ ሳይመረመር ቀረ።

«የሕዝብ ገንዘብ አይደለም ወይ? ካልተጠበቀ ይሰረቃል» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፤ የድኻ ገበሬ ግብር ያለበት ገንዘብ ስለ ሆነ መጠበቅ አለበት። ነገር ግን ሌባ ዝርዝር ከመጻፍ አይሰንፍም፤ እንዲያውም ከሁሉ የጠራ ሠንጠረዥ የሚያቀርበው እርሱ ነው። ሌባ የሚያዘው ከሥራው በኋላ ሒሳቡ ሲመረመርና ሥራው በዓይን ሲታይ ነው። አስቀድሞ የእርሳስ ዋጋ ማስጻፍ ግን ጥበቃ ሳይሆን ትንቢት ማስነገር ነው።

ትንቢቱም አይሠምርም። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በሰኔ ወር ከውጭ አገር የሚመጣውን መሣሪያና ኬሚካል ዋጋ እስከ ሳንቲም ዘርዝሮ ያስገባ ተመራማሪ፣ በመስከረም ያ ዝርዝር ምን ረባው?

በውጭ አገርም ይህ ጥያቄ ተነሥቷል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ሥርዓት፣ በዓመት እስከ 250,000 ዶላር ቀጥተኛ ወጪ የሚጠይቅ ተመራማሪ እያንዳንዱን ዕቃ ሳይዘረዝር በ25,000 ዶላር ክፍልፋይ እንዲጠይቅ ፈቀዱ። በአውስትራሊያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ለጤና ምርምር የቀረቡትን 3,727 ማመልከቻዎች ለማዘጋጀት የፈጀው ጊዜ ቢደመር 550 የሥራ ዓመት ያህል እንደሚሆን ተገምቷል፤ ከአምስቱ አመልካቾች የተሳካላቸውም አንዱ ያህል ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ድካም ለወጪ ዝርዝር ብቻ የዋለ ነው አልልም። ሆኖም ላልተገኘ ገንዘብ ሳንቲም መቁጠር «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ከሚባለው በምን ይለያል?

ታዲያ ምን ይጠየቅ? የሠራተኛ ክፍያ፣ ጉዞና ውሎ አበል፣ ዕቃ፣ ኅትመት፣ መጠባበቂያ ተብሎ በአምስት ወይም በስድስት አርእስት ይጻፍ፤ በያንዳንዱም አጠገብ ምክንያቱ በሁለት መስመር ይገለጽ። ውድ መሣሪያ ቢኖር ለብቻው ከነዋጋው ይቅረብ። የሚጠየቀው ገንዘብ እየበዛ ሲሄድ ዝርዝሩም ይብዛ። ሥራው ሲፈጸም ደግሞ ሒሳቡ ከነማስረጃው ይመርመር፤ ደረሰኝ ለሌለው ባለበቅሎ ጣቱን ያተመበት ወረቀትና የሁለት ምስክሮች ፊርማ ይብቃ። ያጠፋ ይክፈል፤ ሁለተኛም አይሰጠው። ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ከወንጌል ተምረናል። ነገር ግን የሚያሰላው ለመጨረስ ይበቃው እንደ ሆነ ለማወቅ ነው እንጂ የያንዳንዱን ድንጋይ ዋጋ ለመመዝገብ አይደለም።

ልጄ ሆይ፤ ነገ አንተ ገንዘብ ከሚሰጡት ወገን ትሆን ይሆናል። ያን ጊዜ ቅጹን ከማሳተምህ በፊት ራስህ ሙላው፤ እውነተኛ ሰው ሳይዋሽ ሊሞላው የማይችል ሆኖ ካገኘኸው ቅደደው። ምናልባትም ከሚጠይቁት ወገን ትሆናለህ፤ ያን ጊዜ እንደ እኔ አትፈርም። ጥፋቱ የቅጹ ብቻ አልነበረም፤ በቅሎውን በቅሎ ብዬ ጽፌ አራተኛ ጊዜ መመለስ ነበረብኝ። ለዚያ ወጣት ያልመለስሁለትን መልስ ዘግይቼም ቢሆን እነሆ ለአንተ ጻፍሁልህ።